ለእህቴ ባጃጅ የሰፋሁት ድንኳን

ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው። ሸራ ሰፊ ነኝ ስል ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ሰዎች የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ይመስላቸዋል። ጭሮ ውስጥ ግን ሸራ ሰፊ ማለት የጫት መኪና ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ከገለምሶና ከቦኬ የሚመጡ አይሱዙዎች ሱቄ ፊት ይቆማሉ፤ ሹፌሩ ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት ያወጣና «ተቀደደ!» ይለኛል። «እኔ ነኝ የቀደድኩት?» እለዋለሁ። ሰላምታችን ይኸው ነው፤ ለዓመታት ከዚህ የተሻለ አላገኘንለትም።

ስለ ጫት ሸራ ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ጫት ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። ታፍኖ ከተጫነ በራሱ ሙቀት ይበስላል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ ፍየል እንጂ ሰው አይፈልገውም። ስለዚህ የጫት ሸራ እንደ እህል ሸራ ድፍን ተደርጎ አይሰፋም። ከፊት ዝቅ ብሎ ነፋስ የሚገባበት አፍ ይተውለታል፤ ከኋላ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚወጣበት። ፀሐይ ሲበረታ ላዩ ላይ ውኃ ይረጩበታል። ነጋዴው መኪናው ሊነሳ ሲል ይመጣና የእጁን ጀርባ የኋላው አፍ ላይ አስጠግቶ፣ መሬት መሬት እያየ ትንሽ ይቆያል። የሚወጣው ትንፋሽ ከሞቀ ጭነቱ ይራገፋል። ቀዝቃዛ ከሆነ «ይሂድ» ይላል፣ መኪናው ይሄዳል። ሌላ መሣሪያ የለም።

እህቴ ታናሼ ናት፤ ባጃጅ ትነዳለች። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ባለች ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ምክር ለገሳት፤ እኔም የድርሻዬን ለግሻለሁ፤ የማንንም አልሰማችም። ባጃጇ የራሷ አይደለችም። የባጃጇ ባለቤት ሐጂ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት የጫት ነጋዴ ናቸው፤ የመኪኖቻቸውን ሸራ የምሰፋውም እኔ ነኝ። ቁልፉን ለእህቴ ሲሰጡ «ወንድ ጠፍቶ ነው?» ያሏቸው ነበሩ። «ወንዶቹ ባጃጅ ይጋልባሉ፤ እሷ ትነዳለች» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። እህቴ ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ወዲህ ከአራስነቷ ጊዜ በቀር ከአንገቷ ሲወርድ ያየሁት ሞተር ልታስነሳ ስትል ብቻ ነው።

ከዚያ ወለደች። ባሏ ጅዳ ነው፤ ልጁን ያየው በስልክ ነው። አርባ ቀኗን ስትጨርስ በመሃል ባጃጇን ይዞላት ከቆየው ሹፌር ቁልፉን ተቀበለችና ሥራ ገባች። ልጁ ግን ጡጦ አልይዝም አለ። እናታችን በልመናም በቁጣም ሞከረችው፣ ጡጦም ቀያየረች፤ እሱ ጫፉን በምላሱ ገፍቶ ያወጣና የተበደለ ሰው አስተያየት ያያታል። የእናቱን ጡት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሱቄ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ነው፤ መሃላችን ያለው አስፋልቱ ብቻ ነው። ስለዚህ እናታችን ልጁን ይዛ ሱቄ ትውላለች። ሲያለቅስ እህቴ ከባጃጇ ትወርዳለች፣ አስፋልቱን ትሻገራለች፣ ሸራዎቹ መሃል ተቀምጣ ታጠባዋለች። ስትመለስ ተራዋ የለም። የተራው ሕግ ቀላል ነው፤ ሹፌሩ ከመሪው የወረደ ባጃጅ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል፤ መጫን የጀመረ ባጃጅ ደግሞ ጭኖ እስኪጨርስ አይነካም። ሕጉን የሚያስከብረው ፊሽካ ከአፉ የማይለየው፣ ለገዛ ወንድሙ እንኳ የማያዳላ ተራ አስከባሪ ነው። እህቴ ሰልፉ መጨረሻ ተጎትታ ጥቂት ወደፊት ስትል ልጁ እንደገና ያለቅሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ባጃጇ ቆማ መዋል ጀመረች።

ሐጂ ይህን ሰምተው አንድ ቀን ሱቄ መጡ። ቁጣ የላቸውም፤ የሚናገሩትም ጥቂት ነው። «ልጄ፣ ባጃጅ ቆሞ አይውልም» አሏት። «እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ፈልጉ። ካጣችሁ ቁልፉን ታመጪልኛለሽ። አልቀየምሽም።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እህቴ ልጁን ደረቷ ላይ አደረገች። ልጁ ሲጠባ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ያገኘውም አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ነበር። ጭብጥ አድርጎ ይዞታል።

«አሁን ከሰጠሁ አይመለስም» አለች። «ወንዶቹ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁት። ወላሂ አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት። መልስ አልፈለግሁም ነበር፤ እሷ ግን አዘጋጅታ ነው የቆየችው።

«ድንኳን ስፋልኝ። እዚያው ባጃጇ ላይ። ሳልወርድ እንዳጠባው።»

ባጃጅ የዝናብ መጋረጃ አላት። ላስቲክ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው እንደ ብርጭቆ ሻይ ከውጭ ይታያል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይቀቀላል። ስለዚህ ከዜሮ መጀመር ነበረብኝ። ማታ ሥራ ስትጨርስ ባጃጇን ሱቁ በር ላይ አቆመችልኝና መለካት ጀመርኩ። የመኪና ሸራ ስሰፋ ጭነቱ ዝም ብሎ ይለካልኛል፤ እህቴ ግን ጭነት አይደለችም። የኋላው ወንበር ላይ ወጥታ ጋቢ ጠቅልላ ልጅ አስመሰለችና «ክርኔን እይ፣ ክርኔ የት እንደሚደርስ እይ» አለችኝ። ክርኗ ከባጃጇ ውጭ ነበር። ሴት ልጅ ስታጠባ ክንዷ ይህን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ አስቤ አላውቅም። በሁለቱም ጎን ስንዝር የሚያህል ሆድ መጨመር ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ቀጭን ፌሮ አስጎንብሼ አስበየድኩ።

«ሌላው ነገር» አለች፣ «አንድ እጄ ልጁን ይዟል። በአንድ እጅ የማይወርድ ከሆነ ወዲያ በለው።»

ይህ አሳሰበኝ፤ ደስም አለኝ። አስቸጋሪ ነገር ሲመጣ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፤ ለሰው ግን አላሳይም። አራቱን መጋረጃ፣ ማለትም የግራና የቀኙን፣ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውንና የኋላውን፣ ከጣሪያው ሥር ጠቅልዬ በአንድ ሲባጎ ዙሪያውን አሰርኩት። ማሰሪያውን የመኪና ጫኞች ቋጠሮ አደረግሁት፤ ጫፉን አንዴ ሳብ ስታደርገው ሁሉም በአንድ ላይ ይፈታል። ሳብኩት። አራቱም ዱብ አሉ። እናታችን «ቢስሚላህ!» ብላ ደረቷን ያዘች።

ሸራው አዲስ አይደለም። አዲስ ሸራ ደረቅ ነው፣ ይንኮሻኮሻል፤ ልጅ ያስደነግጣል። ከሐጂ መኪኖች አንዱ ላይ ያረጀ አረንጓዴ ሸራ ነበረኝ፤ ስንት ጊዜ ድሬዳዋ ደርሶ የተመለሰ፣ በፀሐይና በዝናብ እንደ ነጠላ የለሰለሰ። ደህና ደህናውን ቆርጬ አወጣሁና እናታችን በሳሙና ደጋግማ አጠበችው። ጫት ጫት ይሸታል አለች። እኔ አልሸተተኝም፤ አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል።

ስፌቱን ስጨርስ እህቴ መጥታ አየችው። ዞረችው። ጎንበስ ብላ ከሹፌሩ ወንበር በስተጀርባ ያለውን ቀዳዳ አየች፤ ቀና ብላ ከኋላ ከጣሪያው ሥር ያለውን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ነፋስ የሚገባበት። ያኛው የሚወጣበት።»

«አቦ፣ ልጄ ጫት ነው እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር አስቤ አይደለም የቀደድኩት። እጄ ነው። ሸራ ላይ መቀስ ሳኖር እጄ ፊት ዝቅ፣ ኋላ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ እኔን አያማክረኝም። ይህን ለእህቴ ብነግራት ድርቅ ብላ ልታስደፍነኝ ነው። ስለዚህ ሆን ብዬ ያደረግሁት መስዬ ተከራከርኳት። በፊተኛው ላይ ክዳን ደርቤበታለሁ፣ በኋላኛው ላይ እንደ ቤት ክፈፍ አውጥቼለታለሁ፤ ነፋስ እንጂ ዓይን አያልፍም አልኩ። አላመነችኝም። ውስጥ ገብታ ዘጋችና እናታችንን «እዪኝ እስቲ!» አለቻት። እናታችን ጎንበስ ብላም፣ ተንጠራርታም፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ ዙሪያውን ዞረች። «ምንሽም አይታይም» አለች በመጨረሻ። ቀዳዳዎቹ ባሉበት ቀሩ።

በማግስቱ ተራው ላይ ጉድ ፈላ። ሹፌሮቹ ተሰበሰቡ። አንዱ «ቤት ሠራሽ እንዴ? ደባል ትፈልጊያለሽ?» አላት። ሌላው ደግሞ እኔን ከማዶ ጠርቶ «ለኔም አንድ ሳሎን ስፋልኝ!» አለኝ። እህቴ ለሁሉም መልስ አላት፤ ሁሉንም እዚህ መጻፍ አይቻልም። ልጁ ሲያለቅስ እናታችን አሻገረችላት። እህቴ ከመሪው ወደ ኋላው ወንበር ተሻገረች፣ ሲባጎውን ሳበች፣ መጋረጃው ዱብ አለ። ሳቁ ቆመ። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። በዚያ የጠራራ ፀሐይ ውስጥ ልጁ ሊጨነቅ ነው፣ አሁን ይጮሃል፣ አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ድምፁ አልተሰማም። መጋረጃው ሲነሳ ጠግቦ፣ አፉ ዙሪያ ወተት ይዞ ተኝቷል። ደስ አለኝ፤ ወደ ውስጥ ገብቼ መርፌዬን የምፈልግ መሰልኩ።

ተራ አስከባሪው ግን ደስ አላለውም። ባጃጇን ዞሮ አይቶ፣ ባዶውን የሹፌር ወንበር በፊሽካው እያመለከተ «ሹፌሩ የታለ?» አለ።

«ውስጥ ናት» አሉት።

«መሪው ላይ የለችም። መሪው ላይ የሌለ ወርዷል። ወደ ኋላ!»

ሰልፉ መጨረሻ ሰደዳት። በማግስቱም እንዲሁ። ድንኳኑ ለልጁ መላ ሆነ፣ ለተራው አልሆነም። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነበር። እህቴ ተራ የሌለበትን ሥራ መፈለግ ጀመረች፤ ከከተማ ወጣ ያለ ኮንትራት ሲገኝ አስቀድማ ትቀበላለች። እኔም የራሴን ድርሻ ልወጣ ብዬ፣ ከኬላው ማዶ ላለ አንድ ነጋዴ የጠገንኩትን ሸራ እንድታደርስልኝ ኮንትራት ያዝኳት።

ያን ቀን እናታችን ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ልጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጥቅል ሸራዬን አጠገቤ አድርጌ፣ ልጁን እንደ እንቁላል አቅፌ ሄድን። የሚያልፍ ሁሉ ያየናል። ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ልጁ ተነሳና አፉን ከፈተ። እህቴ ባጃጇን ከመንገዱ ዳር አቆመች። እኔ ወረድኩ። ጥቅሉ ቦታ ስለያዘባት አንስቼ ጣሪያው ላይ አሰርኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እህቴ የያዘችውን ውኃ ጣሪያውና መጋረጃው ላይ ረጨችው፤ አንድ ቤት ነው ያደግነው፣ እጇ እንደኔ እጅ ነው። ከዚያ ገባች፣ ሲባጎውን ሳበች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

አሁን ነገሩን በኬላው ፈታሽ ዓይን ሳየው በሰውየው አልፈርድም። ባጃጇ ኬላ አካባቢ ቆማለች። አረንጓዴ ሸራ ለብሳለች። ሸራው የጫት ሽታ አለው፣ ውኃ ተረጭቶበታል፣ ከፊት ዝቅ ከኋላ ከፍ ብሎ ተቀዷል። ጣሪያው ላይ ሌላ ሸራ ታስሯል። አጠገቡ ደግሞ አንድ ሰው ወዲያ ዞሮ ምንም እንዳላየ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከቀረጥ ያመለጠ ጫት በባጃጅ ሲሄድ ከዚህ የተለየ መልክ የለውም።

ፈታሹ ዱላውን ይዞ መጣ። «ምን ጭነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም? ታዲያ ውኃ የተረጨው ለምንም ነው?»

ለስለስ ብዬ «እህቴ ልጅ እያጠባች ነው» ብል ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። የተጠየቅሁበት ድምፅ ስላናደደኝ «ውኃው የራሴ ነው፣ ሸራውም የራሴ ነው፣ የሰፋሁትም እኔ ነኝ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተማ የጫት ሸራ ሰፊው አይደለህ?»

«ነኝ።»

«አሃ!» አለ። ለሱ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ከውስጥ የእህቴ ድምፅ በኦሮምኛ ወጣ፤ «ጫቲ ሚቲ! ኢልማ ኮቲ!» ጫት አይደለም፣ ልጄ ነው ማለቷ ነው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ፈታሹ። «በአራስ ልብስ የተጠቀለለ የጫት እስር፣ ሙሉ ዙርባ፣ በዚህ እጄ ይዣለሁ። ክፈት!»

በዚህ መሃል ከገለምሶ የመጣ ሚኒባስ ለፍተሻ ቆሞ ነበር፤ ከባጃጇ ጥቂት ሜትር ቢርቅ ነው። ወሬ የጠማው ሰው ሁሉ በመስኮት ግጥግጥ ብሎ ያየናል። ፈታሹ እጁን ወደ መጋረጃው ላከ። ጠርዙን ገልጦ ሊያይ ነው። ያኔ ፈራሁ። ስለ ባጃጇም ስለ ቁልፉም አልነበረም። እህቴን ያ ሁሉ ዓይን ሊያያት ነው ብዬ ነው የፈራሁት። የእጁን አንጓ ያዝኩት። መንግሥት የቀጠረውን ሰው እጅ መያዝ ምን እንደሚያስከትል አላሰብኩም።

«ልቀቅ» አለኝ።

«አልለቅም።»

ተፋጠጥን። ጭቅጭቁ ልጁን ረበሸው መሰለኝ ጡቱን ለቀቀና አንዴ ስቅ አለው። ከዚያ ጮኸ። የሕፃን ጩኸት ነው፤ ዙርባ እንደዚያ አይጮህም። የፈታሹ እጅ በእጄ ውስጥ ዛለ። «አስተግፊሩላህ» አለና እንደኔ ጀርባውን ለባጃጇ ሰጥቶ ቆመ። ጎን ለጎን ቆምን፤ እሱ ዱላውን ይዞ፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። ልጁ ዝም አለ፣ እንደገና ያዘ። «ወንድ ነው?» አለኝ ፈታሹ ከቆይታ በኋላ፣ ሳይዞር። «ወንድ ነው» አልኩት። «አላህ ያሳድገው» አለ።

በዚያው ሚኒባሱ ተለቆ ሄደ። ጩኸቱን የሰሙ አይመስለኝም፤ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ያዩት ጫት የሚመስል ባጃጅ፣ ዱላ የያዘ ፈታሽና እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሰው ነው።

ሸራዬን አድርሰን ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ጭሮ ገብቷል። የሐጂ ባጃጅ ጫት ደብቃ ኬላ ላይ ተያዘች፤ ሸራ ሰፊው በካቴና ታስሯል። እኔ ይህን የሰማሁት ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ ቁልፌን ከኪሴ እያወጣሁ ነው። የነገረኝ ሰው ሲያየኝ ትንሽ ቅር አለው። መሳቅ ይቻል ነበር፤ እህቴ ግን አልሳቀችም። ሐጂ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጫት ነግደው አንድ ቅጠል ሳይቀረጥ ኬላ አሳልፈው አያውቁም። ሰው ስለሳቸው ሌላ ምንም ቢል አይሞቃቸውም፤ ይህ ግን ክብራቸው ነው።

«ነገ ይመጣሉ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። በመኪና ሳይሆን በእግራቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በቀጥታ ወደ ተራው። ከሱቄ ሳያቸው መቀሱን ጣልኩና አስፋልቱን ተሻገርኩ። የእህቴ ባጃጅ ከሰልፉ ፊት ደርሳለች፤ ተራዋ ነው። መጋረጃው ወርዷል፤ እናታችን ልጁን ሰጥታት ባጃጇ አጠገብ ቆማለች። ሐጂን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ሲቀልዱባት የከረሙት ሹፌሮች ዙሪያውን ቆመዋል፤ አሁን ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ወደ አፉ አነሳ። ባዶውን የሹፌር ወንበር አየ። ሐጂን አየ። ሐጂ ለምን እንደመጡ እዚያ የማያውቅ ሰው የለም። ፊሽካውን ሳይነፋ መልሶ አወረደው።

«ሐጂ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለ። «እየጫነች ነው።»

«ምን?» አሉ ሐጂ።

«እየጫነች ነው። ሕግ ነው፣ የሚጭን አይነካም። ስትጨርስ ትወጣለች።»

ለገዛ ወንድሙ የማያዳላ ሰው ነው ብያለሁ። ከኋላ የተሰለፉት አንዳቸውም ጥሩንባ አልነፉም። ሐጂ እሱን ትንሽ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን አንተ ነህ የሰፋኸው?»

«አዎ ሐጂ።»

«የኔ መኪና ሸራ ነው።»

«ያረጀው ነው። እርስዎ ጣለው ያሉኝ።»

«አሰፋፉም የኔ መኪና ነው።»

«ሌላ አሰፋፍ አላውቅም፣ ሐጂ።» ኬላው ላይ የሆነውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አነሱብኝ። ብዙ መናገር እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያላስጨረሱኝ ሊቆርጡ ስለሆነ መሰለኝ። እህቴ ከዚያ ሸራ ውስጥ ወጥታ ቁልፉን ከአንገቷ ስታወልቅ ታየኝ፤ ያን ለማየት እዚያ መቆም አልፈለግሁም፤ ጥሎ መሄድም አልቻልኩም።

ሐጂ ከዘራቸውን ለእናታችን አስያዟትና በባጃጇ ጎን አልፈው ወደ ኋላ ዞሩ። ሸራውን አልነኩም። ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቀዳዳ የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ቆሙ። ለመኪና የሚቆሙትን ያህል ቆሙ፤ እንደውም ትንሽ አስበለጡ። ከውስጥ የሚሰማው ልጁ ሲውጥ ብቻ ነበር። ነጋዴዎች እጃቸውን እዚያ ሲያስጠጉ ስንቴ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ትንፋሼን ይዤ ግን አላውቅም።

እጃቸውን አወረዱ።

«ሃ ዴምቱ» አሉ። ትሂድ።

ከዘራቸውን ተቀበሉና በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ስለ ኬላውም፣ ስለ ወሩ መጨረሻም፣ ስለ ቁልፉም አላነሱም፤ ከዚያ ወዲህም አንስተው አያውቁም።

ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ከውስጥ ተነሳ። እህቴ ሻሿን እያስተካከለች የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየች።

«ማን ነበር?»

«ሐጂ» አልኳት።

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። «ምን አሉ?»

«ትሂድ አሉ።»

አላመነችኝም። እናታችንን አየች፤ እናታችን ራሷን ነቀነቀች። ተራ አስከባሪው ያን ጊዜ ፊሽካውን ነፋና «የመጀመሪያዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ጮኸባት። ልጁ ጭኗ ላይ ጠግቦ ተኝቷል። ቁልፉን በጡጫው ጨብጦታል። እህቴ ጣቶቹን እንዳይነቃ ቀስ እያለች አንድ በአንድ አላቀቀችና ቁልፉን ወሰደች፣ ልጁን ለኔ አቀበለችኝ፣ ወደ መሪው ዞረች።